ወልዳ ለከፋት እናት፦ ከሰባተኛው የእርግዝና ወር እስከ ልጁ ሦስተኛ ወር ቤተሰብ የሚሠራው ሥራ

«ልጁ ደኅና ነው፤ እሷም በሰላም ተገላግላለች። ታዲያ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» ይህ ጥያቄ ከባልም ከእናትም ከእህትም ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ደግሞ ክርስትናው አልፎ፣ ገንፎ በሊታው ከተበተነ በኋላ ነው። ጎጃም ውስጥ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ወንድ ከወለደች እስከ 40፣ ሴት ከወለደች እስከ 80 ቀን ድረስ ቤቷ ሰው አያጣም። ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ድጋፉ ሁሉ መጀመሪያ ላይ መከማቸቱ ነው። የወሊድ ድባቴ፣ ማለትም ከወሊድ ጋር የሚመጣ በራሱ የማያልፍ የመከፋት ሕመም፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይገለጣል፤ በእርግዝናው የሚጀምራቸው አሉ፣ ዘግይቶ እስከ ዓመት ድረስ የሚመጣባቸውም አሉ። ከታች ያለው አሠራር ልማዱን አይሽርም፤ ያረዝመዋል።

መመሪያው ለባል፣ ልጇን ለምታርስ እናት፣ ለአማት፣ ለእህትና ለጎረቤት ነው። እናቲቱ ራሷ ብታነበውም ይጠቅማታል፤ ሥራውን ግን እሷ ላይ አትጫኑት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪቢቶ
- የእርግዝና ክትትል ካርዷ
- ሁለት ፔርሙዝ፦ አንዱ ለአጥሚት፣ አንዱ ለሙቅ ውሃ
- የእጅ ባትሪ ወይም ትንሽ ሶላር መብራት፣ ለሌሊት
- ክዳን ያላት ንጹሕ ኩባያ፣ ተቀቅላ የምትጸዳ
- ቁልፍ ያለው ሳጥን። የእህል መድኃኒት፣ የአረምና የተባይ ኬሚካል፣ የቤት ውስጥ ክኒን ሁሉ እዚያ ይገባል። ቁልፉ ከእሷ ሌላ ሰው እጅ ይሁን። መሣሪያ ያለበት ቤትም መሣሪያውን ከቤት ያውጣ።
- ለመጓጓዣ ተለይቶ የተቀመጠ ብር
- በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስልክ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ፣ የቀይ መስቀል 907፣ ባጃጅ ወይም መኪና ያለው የሠፈር ሰው። ወረቀት ያልንበት ምክንያት ባትሪ ስለሚያልቅ ነው።
- ቢያንስ አራት ሰው

ማስጠንቀቂያ፦ ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ትታችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዷት።

- እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ሌሊቶች እያለፉ ድካም የማይሰማት፣ ንግግሯ የተዘበራረቀ፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ወይም «ልጁ የእኔ አይደለም፣ ለውጠውብኛል» የምትል ከሆነ። ይህ ከ1,000 ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ የሚደርስ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት ይነሣል። ጠዋት ደኅና መስላ ማታ ልትለወጥ ስለምትችል «ተሻላት» ብላችሁ አትዘናጉ።
- ራሷን ወይም ልጁን ለመጉዳት ማሰቧን ከተናገረች።
- ግራ መጋባት ከትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ካለው ፈሳሽ ጋር ከመጣ (ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል)፤ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን መጋረድ ወይም ማንቀጥቀጥ ከመጣ (የደም ግፊት ሊሆን ይችላል)።

እስክትደርሱ ድረስ ብቻዋን አትተዉአት፤ ልጁንም ብቻውን ከእሷ ጋር አትተዉት። አትሰሯት፣ አትምቷት፣ «እንዲህ የለም» ብላችሁ አትከራከሯት። ፀበል የሚወስድ ቤተሰብ ሕክምናውን ሳያዘገይ ይውሰድ፤ ከሁሉ የሚጎዳው የጀመረችውን መድኃኒት ማስቆምና በወለደች ማግስት ማስጾም ነው። የንስሐ አባቷን አስቀድማችሁ አማክሩ።

ደረጃ 1። በሰባተኛው ወር ሥራውን በስም አከፋፍሉ

«የጎደለሽ ካለ ንገሪኝ» የሚለው ግብዣ አይሠራም፤ አራስ ይሉኝታ ይይዛታል። በምትኩ ደብተሩ ላይ አምስት ሥራ ጻፉ፦ ውሃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ ትልልቆቹን ልጆች መያዝ፣ ሌሊት ማገዝ። ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት የሰው ስምና ቀን ይጻፍ። «ማክሰኞና ዓርብ ሁለት ጀሪካን ውሃ እኔ አመጣለሁ» ያለ ጎረቤት ከአሥር ጠያቂ ይበልጣል።

ዝርዝሩ ከወሊድ በኋላ እስከ 12ኛው ሳምንት ይድረስ። ሁሉም ሰው መጀመሪያው ላይ ልምጣ ይላል፤ እናንተ ግን ሁለት ሰዎችን ከ7ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አስቀሯቸው።

ሦስት ነገር አስቀድማችሁ አስሉ። አንደኛ፣ መውለጃዋ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከዋለ ሰው ሁሉ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው፤ ለእገዛ የሚተርፈው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ መንገዱ ጭቃ ነው፤ በማንኛውም ወር ደግሞ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ቤታችሁ ከጤና ጣቢያ ሩቅ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንዳለው ጠይቃችሁ ቀኗ ሳይደርስ ትግባ። ሦስተኛ፣ ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት የምትታረስ ከሆነ ወደ ባሏ ቤት የምትመለስበት ሳምንት ከባዱ ሳምንት ነው። ከእናቷ ትለያለች፣ ሥራው ይጠብቃታል፣ ልጁ ገና ሌሊት ያስነሣታል። ያን ሳምንት ሁለት ሰው መድቡ።

ደረጃ 2። የቀድሞውን ለአዋላጇ ንገሩ

በክትትል ቀጠሮዋ ላይ እነዚህ ከተነሡ አዋላጇ ከወዲሁ ትጠነቀቃለች፦ ከዚህ በፊት ድባቴ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ነበረባት ወይ? በቀደመው ወሊድ ተረብሻ ነበር? ልጅ ሞቶባታል ወይስ አስወርዷታል? ከቤት የተፈናቀለች ናት? ባሏ ይመታታል? የመጨረሻውን መጠየቅ ያለባት ባለሙያዋ ናት፣ ብቻዋን አድርጋ። ባልና አማት ያኔ ከክፍሉ ቢወጡ ደግ ነው።

ከእርግዝናው በፊት የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ትወስድ ከነበረ በራሳችሁ አታስቁሟት። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሰዋል። በእርግዝና የማይወሰዱ መድኃኒቶች ስላሉ ግን የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ቶሎ ሐኪም ጠይቁ።

ደረጃ 3። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለቅሶ አትፍሩ፣ ግን ቀን ቁጠሩ

በወለደች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አካባቢ ሆድ የሚብሳቸው፣ ያለምክንያት የሚያለቅሱ፣ ደግሞ ወዲያው የሚስቁ ብዙ ናቸው። የሆርሞን መውረድና የእንቅልፍ ማጣት ውጤት ሲሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ያልፋል። መድኃኒት አያስፈልገውም፤ እንቅልፍ፣ ምግብና «ያልፋል፣ እዚሁ ነኝ» የሚል ሰው ይበቃዋል።

የወለደችበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉና 14ኛውን ቀን አክብቡ። መለያው እሱ ነው። ከዚያ የዘለቀ ለቅሶና ጭንቀት «የአራስ ጠባይ» ተብሎ አይታለፍም።

ደረጃ 4። እንቅልፏን አስጠብቁ

ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ይህንኑ ሥሩ። የተቆራረጠ እንቅልፍ ድባቴን ያባብሳል፤ ከዚህ በፊት ከባድ የአእምሮ ሕመም ለነበረባት ደግሞ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

እስከ አራተኛው ሳምንት መጨረሻ፦ ሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ማታም አይቀርም። ጡት መስጠት የእሷ ሥራ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሌላ ሰው ነው። ረዳቷ ሕፃኑን አንሥታ ታቀብላታለች፤ ጠብቶ ሲጨርስ ተቀብላ ታስገሳዋለች፣ ጨርቁን ትቀይራለች፣ ታስተኛዋለች። እናቲቱ ከአልጋ አትወርድም። መብራቱ ደብዛዛ ይሁን፣ ወሬም አይጀመር። ቀን ላይ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ጠያቂ የማይገባበት ጊዜ ለዩ፤ በር ላይ ቆሞ «ተኝታለች» የሚል ደፋር ሰው ያስፈልጋል። አማት ብትሆን ይመረጣል፤ እሷን የሚቀየም ሰው ጥቂት ነው።

ከአራተኛው ሳምንት በኋላ፣ ሕፃኑ በደንብ እየጠባና ክብደት እየጨመረ ከሆነ፣ በተከታታይ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ልታስተኟት ትችላላችሁ፦

ሀ) እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በተቀቀለችው ኩባያ ጡቷን በእጇ ታልባለች። ወተቱ ተከድኖ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ይቀመጣል። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ቆላማ ቦታ ያን ያህል አታቆዩት።

ለ) ማታ 3 ሰዓት ላይ አጥብታ ትተኛ። ወተቱ የሚታለበው ከመተኛቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

ሐ) ሕፃኑ ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ሲነቃ ባል ወይም እህት ቀና አድርጎ ይዞ ኩባያውን ከንፈሩ ላይ ያስነካል፤ ሕፃኑ ራሱ ይልሰዋል። ወደ አፉ አትገልብጡ፤ ትን ይለዋል። የተረፈውን ድፉት። ጡጦ አትጠቀሙ፤ ለማጽዳት ያስቸግራል፣ ጡትም ያስተወዋል።

መ) ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እሷ ተነሥታ ታጠባለች። ከ5 ሰዓት በላይ አታቆዩ፤ ጡቷ ሞልቶ ያማታል፣ ወተቱም ይቀንሳል።

ሕፃኑ ተኝቶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ እሷ ግን ዓይኗ አልከደን ካለ ያንን ደብተሩ ላይ ጻፉት። ዕድል አግኝቶ መተኛት አለመቻል ከተራ ድካም የሚለይ ምልክት ነው።

ደረጃ 5። ምግብ፣ ደም ማነስ፣ ብርሃን

ገንፎውና አጥሚቱ ይቀጥል። ቅቤ ብቻ እንዳይሆን እንቁላል፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ ጎመን ጨምሩበት። ደም የፈሰሳት እናት ድካሟና መደበቷ የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል የታዘዘላትን የደም ማነስ ክኒን እስከ መጨረሻው ትውሰድ። ክኒኑን ከቡናና ከሻይ ጋር አትስጧት፤ ብረቱን ሰውነቷ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቁ። ቡናው ራሱ ጠያቂ በገባ ቁጥር እየተፈላ ከአቦል እስከ በረካ ከቀጠለ ማታ እንቅልፍ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላ ለጠያቂው አፍሉ፣ ለእሷ አጥሚት ቅዱ። ጠላ ወተት አይጨምርም።

ክፍሉ ጨለማና ጭስ የበዛበት ከሆነ ምድጃውን አርቁት፣ መስኮቱን ክፈቱት። መነሣት ከቻለች ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ከበሩ ፊት 15 ወይም 20 ደቂቃ ትቀመጥ። ምች ለሚፈራ ቤተሰብ ጠዋቱ ያስማማል። ብርሃኑ ቀንና ሌሊት የተምታታበትን እንቅልፍ ያስተካክላል።

ደረጃ 6። ጠይቋት፣ በትክክለኛው ቃል

አብዛኛዋ እናት «አዝኛለሁ» አትልም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሰውነቴ ዝሏል»፣ «ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል» ትላለች። ልጅ ተሰጥቷት ከፍቶኛል ማለት ፈጣሪን ማማረር ይመስላታል። ስለዚህ ከአካሏ ጀምሩ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ልቧ ግቡ።

ቦታው ይመረጥ። አማት ባለችበት ወይም ቡና ተከቦ አይጠየቅም። አብራችሁ ጨርቅ ስታጥቡ፣ ወይም ልጁን ይዛችሁ ከበሩ ፊት ስትቀመጡ ይሻላል፤ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ማውራት ይቀላል። ጠያቂዋ ታላቅ እህት ወይም የምታምናት ጎረቤት ብትሆን መልካም ነው።

ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«እታለም፣ እንቅልፉስ እንዴት አደረገሽ? ምግቡስ ይበላልሻል?»
«እንዴው ሆድ ሆዴን ይለኛል እንጂ።»
«ካለፈው ሁለት ሳምንት ወዲህ አብዛኛውን ቀን ይከፋሻል? ተስፋም ያስቆርጥሻል?»
«ቀድሞ ደስ የሚልሽ ነገር አሁንስ ደስ ይልሻል ወይስ ሁሉ ነገር አስጠልቶሻል?»

ከሁለቱ የመጨረሻ ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳን ችግር እንዳለ ከመለሰች ሦስተኛውን ጨምሩ፦ «ምነው በሞትኩ፣ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ የሚያሰኝ ነገር መጥቶብሽ ያውቃል? ራስሽን ለመጉዳትስ አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስተምራትም፤ የተሸከመችውን ለማውረድ በር ይከፍትላታል። «አዎ» ካለች አትደንግጡ፣ አትቆጧት። ብቻዋን ሳትተዉአት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። አንዳንድ እናት «ልጁን እጥለው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሳትፈልገው ብልጭ ይልባትና ትደነግጣለች፣ ልጁን ለመያዝም ትፈራለች። እንዲህ ያለው ሐሳብ በጭንቀት ይመጣል፤ የምትፈራውና የምትጠላው መሆኑ ልጁን ለመጉዳት ከማሰብ ይለየዋል። ይሁንና መለየቱ የባለሙያ ሥራ ስለሆነ ይዛችኋት ሂዱ፤ «ክፉ እናት» ግን አትበሏት።

ደረጃ 7። ሁለት ሳምንት ከሞላው ውሰዷት፣ አብራችሁም ግቡ

ደብተሩ ላይ በየቀኑ አንድ መስመር ይበቃል፦ ስንት ሰዓት ተኛች፣ ስንቴ በላች፣ አለቀሰች ወይ፣ ልጁን ታቅፋ አወራችው ወይ። አሥራ አራት መስመር ለባለሙያው ከረጅም ታሪክ ይልቅ ይነግረዋል። በመካከሉ ጡት መስጠት ወይም ከአልጋ መነሣት ካቃታት 14ኛውን ቀን አትጠብቁ።

መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጥሩ፤ ከእሷ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ። ብቻዋን ከገባች «ራሴን ያመኛል» ትልና የራስ ምታት ክኒን ይዛ ትመለሳለች፤ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ አብሯት የገባው ሰው በግልጽ ይናገር፦ «ከወለደች ይህን ያህል ሳምንቷ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከፍቷታል፤ እንቅልፍ የላትም፤ ልጁን ታጠባለች።» የመጨረሻዋ ሐረግ አትረሳ፤ የመድኃኒቱን ምርጫ ትወስናለች።

ባለሙያው በተዘጋጀ ቅጽ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ አንዱ የታወቀ ቅጽ አሥር ጥያቄ ያለው ሲሆን ያለፉትን 7 ቀናት ስሜት ይመለከታል። የደም ግፊትና የደም ማነስ ምርመራም ጠይቁ፤ የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ድባቴ ስለሚመስል ሆስፒታል ከደረሳችሁ አንሡት። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል።

መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው፤ «አልሠራም» ተብሎ በሳምንቱ አይጣል። ከተሻላትም በኋላ በተለምዶ ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላል፤ የሚቆመው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ነው። እያጠቡ የሚወሰዱ የድባቴ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪሙ ሳይል ጡት አታስጥሏት።

ደረጃ 8። ሰው ሲበተን የሚቀጥለው

ልጁ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል። እነዚህን ሦስት ቀናት የእሷም ቀጠሮ አድርጓቸው፦ ከክትባቱ ዋዜማ የደረጃ 6ን ጥያቄዎች ድገሙ፣ መልሷን ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ለባለሙያዋ ንገሩ። ሰው ቤት መግባቱን ባቆመበት ጊዜ ከቤት የሚያስወጣት ቋሚ ምክንያት ይህ ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን የተመደበው ሰው ይምጣ። ድባቴ ላለባት «ተነሺ፣ በርቺ» አይሠራም፤ አንድ ትንሽ ሥራ ከነጊዜው ይሠራል፦ ዛሬ 4 ሰዓት ላይ አብረን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ወይም እስከ ጎረቤት። ነገ ፀጉሯን ትሠራለች። ሥራው ትንሽ የሚሆነው እንድትጨርሰው ነው፤ ያልተጨረሰ ትልቅ ሥራ «ምንም አልችልም» የሚለውን ሐሳብ ያጸናባታል።

ባልየውም ይታይ። ወንድ ሲደበት መጠጥ ሲያበዛ፣ ሲቆጣ ወይም ከቤት ሲርቅ እንጂ ሲያለቅስ አይታይም።

የተለመዱ ስሕተቶች

- «ስንቱ ልጅ አጥቶ...» ማለት። ጥፋተኛነቷን ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲያ አትናገርም።
- ሕፃኑን «ትረፍ» ብሎ ጨርሶ መውሰድ። የሚወሰድላት ሥራው ነው፤ ልጁ እቅፏ ይመለስ።
- ሴት ልጅ በመውለዷ ወይም በምጧና በአወላለዷ ላይ መቀለድ። ለጠያቂ ቀልድ ነው፤ እሷ ሌሊቱን ስታብሰለስለው ታድራለች።
- የጎረቤትን የእንቅልፍ ክኒን መስጠት። በወተቱ አልፎ ሕፃኑን ያፈዛል።
- በሕክምናው ሲሻላት የሌሊት ረዳቱን ማንሣት። ረዳቱ በመጨረሻ ይነሣል፣ እሱም አንድ ሌሊት እየቀነሰ።

ልጇ የሞተባት እናት ከሆነች

ቤቱ ለቅሶ ሲደርስ ቆይቶ ይበተናል፤ ሰውነቷ ግን የወላድ ነው። ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ወተት ይመጣል፤ ማንም ካልነገራት ትደነግጣለች፣ ኀዘኗም ይብሳል። ደገፍ የሚያደርግ ልብስ ትልበስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጡቷ ላይ ታድርግ፣ ሲወጥራት ሕመሙ ቀለል እስኪል ድረስ ብቻ ትለብ። ጡቷ ከቀላና ትኩሳት ካላት ጤና ጣቢያ ትሂድ። የእሷም ድህረ ወሊድ ቀጠሮ እንደማንኛዋም ወላድ ነው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በ6ኛው ሳምንት። የምታስከትበው ልጅ የላትምና የሚያስታውሳት ካርድ የለም፤ ቀኖቹን ደብተሩ ላይ እናንተ ጻፉላት።